ሰውነታችን ውስጥ ገላጋይም አለ፤ ስለ እሱም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የማነብ ሰው ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የምከፍተው ደግሞ የጤና ዓምዳችሁን ነው። ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚያሳድጉ ምግቦች ነው የሚያወራው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ማር፣ ሽፈራው። ምግቦቹ ላይ ጠብ የለኝም፤ እኔም ቤት ዝንጅብል ጠፍቶ አያውቅም። ያናደደኝ ከሥሩ ያለው ሐሳብ ነው። የመከላከል አቅም ባደገ ቁጥር የሚሻል፣ መጨመር እንጂ መቀነስ የማያስፈልገው ነገር አስመስላችሁታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ "ይሄ አቅም ልክ ሲያጣም ሰው ይገድላል" የሚል አንድ ቃል የለውም።

ያ አንድ ቃል ባለመኖሩ እህቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ታናሽ እህቴ 31 ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏት ጀመር። ቡና ስታፈላ ጀበናውን በሁለት እጇ ነበር የምታነሳው። ከዚያ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ፀሐይ ሲነካት ይብስባታል። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ መጣ። ከክሊኒክ ክሊኒክ ስንዞር፣ አንዱ ታይፎይድ ነው ሌላው ሪህ ነው ሲለን ዓመት ሞላን። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም የደም ምርመራ አዘዘችላትና ሉፐስ መሆኑ ታወቀ። ሉፐስ የመከላከያ ሴሎች ጀርሙን ትተው የገዛ ሰውነትን የሚመቱበት በሽታ ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ሲብስም ኩላሊትን። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው፣ ያውም አብዛኞቹ በወጣትነት ዕድሜ ላይ ያሉ።

ሐኪሟ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉ መከላከያን የሚያበርዱ ኪኒኖች ጀመረችላት። በሦስት ወር ውስጥ ጀበናው በአንድ እጅ ተነሳ።

ቀጥሎ የመጣው ነው ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ። አንድ የተፈጥሮ ምርት መሸጫ ገባች፣ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ስለ ሕመሟ ጠይቋት ስትነግረው "እህቴ፣ አንቺ እኮ አቅምሽ ደክሞ ነው፤ ያደከመሽ ደግሞ ራሱ ኪኒኑ ነው፤ ኪኒኑ መከላከያሽን እየገደለው ነው" አላት። ላዩ ላይ በትልቁ "ኢሚዩን ቡስተር" የሚል የተጻፈበት የዱቄት ዕቃ ሸጠላት። ጠዋትና ማታ በማንኪያ። ኪኒኑን ደግሞ አቁሚ አላት። አመነችው። ለእኔ አልነገረችኝም፣ እንደማልስማማ ታውቃለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ፊቷ አበጠ፣ ቁርጭምጭሚቷን በጣት ስትጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ሆነ፣ ሽንቷ እንደ ሳሙና ይኩረፈረፍ ጀመር። ምርመራውን ራሴ ነኝ ያየሁት። ሽንት ውስጥ የሚጠመቀው ወረቀት ቢጫ መሆን ሲገባው እጄ ላይ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ተቀየረ። ፕሮቲን ነው። ኩላሊቷ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ሐኪሞች ይሄን ጣጣ ድሮ ያውቁታል። በ1991 የታተመ የካናዳ ሐኪሞች ጥናት አለ (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ደህና ሆነው ከቆዩ የሉፐስ ሕሙማን ግማሾቹ ሃይድሮክሲክሎሮኪኑን እንዲቀጥሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሳያውቁት መድኃኒት የሌለበት ኪኒን እንዲወስዱ ተደረገ። መድኃኒቱ የተቋረጠባቸው ሕመማቸው የማገርሸት ዕድሉ 2 እጥፍ ተኩል ሆነ።

ሰውየውን ብቻ መውቀስ ግን አይሆንልኝም። የነገራት ነገር እኮ ሁላችንም የምናምነው ነው። ለምን እንደምናምነውም አውቃለሁ፣ ምክንያቱም እኔም ከአሳማኞቹ አንዷ ነበርኩ።

ሙያዬ የሕክምና ላብራቶሪ ነው። ሥራ የጀመርኩት ኤች አይ ቪ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን ነው። በየጠዋቱ ሐምራዊ ክዳን ባላቸው ቱቦዎች ደም ይመጣልኛል። ፋክስካውንት የሚባለው ማሽን አጠገብ ተቀምጬ ሲዲ ፎር የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች ስቆጥር እውላለሁ። ውጤት ሊወስድ የመጣ ሰው ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ "ስንት ሆነ?" ይላል፣ ሌላ ጥያቄ የለውም። ከ200 በታች ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል። በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ 350 ሲባል በሩ ላይ እልል ያለች እናት አይቻለሁ፤ አብሬያት አልቅሻለሁም። መላው አገር ስለ በሽታ መከላከል የተማረው ያኔ ነው፤ በሬዲዮ ድራማው፣ በፖስተሩ፣ በቀበሌው ስብሰባ። ትምህርቱም አንድ ነበር። ቁጥሩ ካነሰ ሞት ነው፣ ከጨመረ ሕይወት ነው። ለኤች አይ ቪ እውነት ነው፣ የስንቱን ነፍስ አትርፏል። ግን ግማሽ ትምህርት ነው፣ ሌላው ግማሽ ሳይነገረን ቀረ።

የሚገርመው ሌላው ግማሽ እዚያው እኔ የምቆጥረው ደም ውስጥ ነበር። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ካሉት ሲዲ ፎር ሴሎች ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ለውጊያ የተፈጠሩ አይደሉም። ሥራቸው የሚዋጉትን ሴሎች ማስቆም ነው፤ እንዳይባዙ፣ እንዳይነሱ፣ ሲበቃ እንዲበቃቸው ማድረግ። ማሽኑ አይለያቸውም ነበር። ተዋጊውንም አስቋሚውንም አንድ ላይ ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጠኛል።

ባለሙያዎቹ ቲ ሬግ ይሏቸዋል፣ ተቆጣጣሪ ቲ ሴል ለማለት ነው፤ ቲ ሴል ሲዲ ፎሮቹም ያሉበት የመከላከያ ሴል ዓይነት ነው። ለእህቴ ሳስረዳት ግን ገላጋይ ነው ያልኳት። ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ መሃል ገብቶ የአንዱን እጅ የሚይዝ፣ የሌላውን ዱላ የሚቀማ ሰው አለ አይደል? እንደዚያ።

መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓመቱ የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሦስት ሰዎች ተሰጠ፤ ለጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ፣ ለአሜሪካውያኑ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል። በእነዚህ ገላጋይ ሴሎች ጉዳይ ነው የተሸለሙት። እኔ ባየሁት ዜናው በሁለት መስመር አለፈ። ከኋላው ያለው ታሪክ ግን የሁለት መስመር አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ጃፓን ነው። በ1969 ኒሺዙካና ሳካኩራ የተባሉ ተመራማሪዎች ከተወለዱ ሦስት ቀን ከሆናቸው አይጦች ላይ ታይመስን አወጡ። ታይመስ ደረት ውስጥ ከልብ በላይ ያለ ትንሽ ዕጢ ነው፣ ቲ ሴሎች የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። ማሠልጠኛው ከጠፋ መከላከያው ይደክማል ብሎ ነው ሰው የሚጠብቀው። ሴቶቹ አይጦች ላይ የታየው ግን የራሳቸው መከላከያ እንቁላል የሚያመርተውን አካላቸውን ሲያጠፋው ነው። በሰባተኛው ቀን ሲያወጡት ደግሞ ምንም አይሆኑም። ሳካጉቺ ወጣት ተመራማሪ ሳለ ይሄ ጉዳይ እንቅልፍ ነሳው። ከጤነኛ አይጥ ቲ ሴሎችን ወስዶ ታይመስ ለወጣባቸው ሰጣቸው፤ በሽታው ቀረ። እንግዲህ ቲ ሴሎች መካከል የሚያጠቁ ብቻ ሳይሆኑ የሚከላከሉም አሉ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ተዋጊዎቹ ከታይመስ ወጥተዋል፣ ገላጋዮቹ ግን ገና አልወጡም ነበር።

ችግሩ ግን በዚያ ሰሞን ሌሎችን ያስቆማሉ ስለተባሉ "አፋኝ" ቲ ሴሎች ማውራት የሚያሳፍር ነገር ሆኖ ነበር። በ1970ዎቹ ብዙ ሰው የጮኸለት ሐሳብ ነው። ኋላ ላይ እነዚያን ሴሎች ያዛል የተባለው ጂን አለ በተባለበት ቦታ ሲፈለግ ጠፋ። በ1980ዎቹ መስኩ ፈረሰ፣ ቃሉን የሚያነሳም ጠፋ። ሳካጉቺ አልተወውም። ከአሥር ዓመት በላይ ምልክት ሲፈልግ ቆይቶ በ1995 አገኘው፤ ገላጋዮቹ ላያቸው ላይ ሲዲ 25 የሚባል ፕሮቲን በብዛት ይሸከማሉ። ይሄን ምልክት የያዙትን ሴሎች አውጥቶ የቀሩትን ብቻ መከላከያ ለሌላት አይጥ ሲሰጣት፣ ሆዷም ታይሮይዷም ሌላ ሌላውም አካሏ ላይ ጥቃት ተነሳ። መልሶ ሲጨምራቸው ጥቃቱ ቆመ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እንዴት እንደሚያስቆሙ ማወቅ ነው ለእኔ ነገሩን የፈታልኝ።

ተዋጊ ቲ ሴል ጠላት ሲያገኝ ብቻውን አይዘምትም። መጀመሪያ ይባዛል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሺዎች ይሆናል። ጉሮሯችን ሲታመም አንገታችን ላይ ንፍፊት የሚወጣው ለዚህ ነው፣ እዚያ ውስጥ ሴሎች እየተባዙ ነው። ለመባዛት ደግሞ ኢንተርሉኪን 2 የሚባል ነገር ይፈልጋል። ተዋጊዎቹ ራሳቸው ያመርቱታል፣ ራሳቸውም ይጠቀሙበታል። ገላጋዩ አያመርትም። ነገር ግን ያ ሲዲ 25 የተባለው ፕሮቲን ኢንተርሉኪን 2ን የሚይዝ እጅ ነው፣ ገላጋዩም ሁልጊዜ በብዛት ይሸከመዋል። ስለዚህ ከተዋጊዎቹ መሃል ይገባና የተረፈውን ጠራርጎ ይወስዳል። እሳቱ ላይ ውሃ አይደፋም፣ ማገዶውን ነው ከምድጃው የሚያወጣው።

ሁለተኛው ዘዴው የበለጠ ይገርማል። ተዋጊ ቲ ሴል ጠላቱን የሚያሳየው ዴንድሪቲክ ሴል የሚባል አለ። ይሄ ሴል የጀርሙን ቁራጭ ከማሳየት ሌላ "በርታ፣ ተነሳ" የሚል ሁለተኛ ምልክት ቆዳው ላይ ይዞ ይቆማል። ሁለቱ ካልተገናኙ ተዋጊው አይነሳም። ገላጋዩ ሲቲኤልኤ 4 የሚባል መንጠቆ አለው። ዴንድሪቲክ ሴሉን ተጠግቶ ያንን ሁለተኛ ምልክት ይነቅለውና ወደ ውስጡ ይውጠዋል። ቀጥሎ የመጣው ተዋጊ ሴል የጀርሙን ቁራጭ ያያል፣ የሚቀሰቅሰው ግን የለም። ከዚህም ሌላ ገላጋዮቹ ኢንተርሉኪን 10ና ቲጂኤፍ ቤታ የሚባሉ የሚያረጋጉ መልእክቶች ይለቃሉ።

ይሄን በዓይን ማየት ይቻላል፣ በሙያዬ ደስ የሚለኝም እሱ ነው። ተዋጊ ሴሎችን አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ያጠጧቸዋል። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ቀለሙም እኩል ይካፈላል፣ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። አራት ጊዜ የተከፈለ ሴል የመጀመሪያው አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው የሚያበራው። ትንንሽ ጉድጓድ ባላት ፕላስቲክ ሳህን ውስጥ አድርገው ይቀሰቅሷቸዋል። ገላጋይ በሌለበት ጉድጓድ ማሽኑ ላይ የሚወጣው ሥዕል እየደበዘዘ የሚሄድ የኮረብታ ረድፍ ነው፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት። ገላጋይ የተጨመረበት ጉድጓድ ላይ ግን አንድ ትልቅ ኮረብታ ብቻ ይቀራል፣ እንደነበረ የሚያበራ። ማለትም አብዛኞቹ አልተከፈሉም። በ1998 አሜሪካ ውስጥ የኤታን ሼቫክ ቡድን፣ ጃፓን ውስጥ የሳካጉቺ ቡድን፣ ገላጋዮቹ የሌሎችን መባዛት እንደሚያግዱ በሳህን ላይ አሳዩ፤ ያኔ የመባዛቱ መለኪያ ሌላ ነበር እንጂ ነገሩ ያው ነው። ሼቫክ ራሱ ከዚያ በፊት በአፋኝ ሴሎች ከማያምኑት አንዱ ነበር። ሁለቱን ዓይነት ሴሎች ቀዳዳው በጣም ጥቃቅን በሆነ ወንፊት ሲለያዩዋቸው ማገዱ ይጠፋል። መጠጋት አለባቸው። ከሩቅ ሆኖ መገላገል የለም።

የኖቤሉ ሌላ ግማሽ ደግሞ አሜሪካ ነው። በ1940ዎቹ ቴኔሲ ግዛት፣ ኦክ ሪጅ ውስጥ ጨረር በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ያልተለመዱ አይጦች ተወለዱ። ወንዶቹ ቆዳቸው ይፈረፈራል፣ ጣፊያቸውና ንፍፊታቸው ያብጣል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሞታሉ። ጀርም የለባቸውም። የሚገድላቸው ያለ ልክ የሚባዛው የራሳቸው ቲ ሴል ነው። ብራንኮውና ራምስዴል በ1990ዎቹ ሲያትል አጠገብ ቦተል በምትባል ከተማ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጥፋቱ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ እንዳለ ይታወቃል። ያ ክሮሞዞም ግን 170 ሚሊዮን ያህል ፊደል ነው። ዛሬ በቀናት የሚያልቀውን ሥራ ዓመታት ፈጅተው ወደ 500,000 ፊደል አጠበቡት። እዚያ ውስጥ 20 ጂኖች ነበሩ። አንድ በአንድ መረመሯቸው፣ የተበላሸው የመጨረሻው፣ 20ኛው ሆኖ ተገኘ። ፎክስፒ 3 አሉት። ውጤቱ በ2001 ወጣ። በዚያው ጊዜ ሕፃናት ወንዶች ላይ የሚታየው አይፔክስ የተባለ ብርቅ በሽታ ከዚሁ ጂን መበላሸት የሚመጣ መሆኑ ታወቀ። ልጁ ገና በጨቅላነቱ የማያቆም ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ቆዳው ችፌ ይሆናል፣ የስኳር በሽታ ይጀምረዋል። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ካላገኘ ብዙ ጊዜ በሕፃንነቱ ይሞታል። በ2003 ደግሞ ሳካጉቺና ሌሎች ፎክስፒ 3 ገላጋይ ሴሎችን የሚሠራው ጂን መሆኑን አረጋገጡና ሁለቱ ታሪኮች ገጠሙ።

ያ ሕፃን መከላከያው አልደከመም። መከላከያው ሙሉ ነው፣ ያጣው ገላጋይ ብቻ ነው። ለዚህ ልጅ እናት "አቅሙን አሳድጊለት" ብሎ ዱቄት መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እህቴም በተመሳሳይ ምክንያት ታመመች እያልኩ አይደለም። ሉፐስ ከአይፔክስ በብዙ የተወሳሰበ ነው፣ የአንድ ጂን ጉዳይም አይደለም። ብዙ ጥናቶች የሉፐስ ሕሙማን ላይ ገላጋዮቹ አንሰው ወይም ሥራቸው ደክሞ አግኝተዋል፣ ያልተስማሙም አሉ። ግን ተመራማሪዎች ኢንተርሉኪን 2ን በጣም በትንሽ መጠን እየሰጡ የሉፐስ ሕሙማን ላይ ሞክረዋል። ለምን በትንሽ? ገላጋዩ ያንን የሚይዝ እጅ በብዛት ስላለው፣ ጥቂት ጠብታ ስትገባ ቀድሞ የሚያገኛት እሱ ነው። ብዙ ከሰጡ ተዋጊውም ይደርሰዋል። አንዱ ነገር በመጠኑ ብቻ ወይ ያነሳል ወይ ያስታግሳል። ይሄን ሳነብ የአንድ ማንኪያ ዱቄት ነጋዴ ስለ የትኛው ሴል ነው የሚያወራው ብዬ ነው ያዘንኩት።

በተቃራኒው ደግሞ ገላጋይ የሚጎዳበት ቦታ አለ፣ እሱንም መደበቅ የለብኝም። ካንሰር ገላጋዮቹን ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ዕጢው ዙሪያ ይሰበሰቡና ሊያጠፉት የመጡትን ሴሎች ያቆሙበታል። ለዚህ ነው በ2011 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢፒሊሙማብ የተባለ መድኃኒት ያንን ሲቲኤልኤ 4 የተባለ መንጠቆ የሚዘጋው። እዚህ ጋ በእውነት መከላከያን "ማሳደግ" ነው የተደረገው፣ በሐኪም እጅ፣ ሆን ተብሎ። ዋጋውም አብሮ መጣ። መድኃኒቱን ከሚወስዱት ብዙዎቹ አንጀታቸው ይቆጣል፣ ቆዳቸው ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ሌላው ደግሞ ታይሮይዱ ይመታል። ማር ሲበዛ ይመራል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ይሄ ነገር እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚያክም ሰው ጠይቁ። ነርቭን በቀናት ውስጥ የሚያደርቀው አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያው ሳይሆን ሰውነት በባክቴሪያው ላይ የሚያስነሳው ቁጣ ነው፣ መድኃኒቱም ያው የእህቴ ፕሬድኒሶሎን ነው። ቲቢና ኤች አይ ቪ አብረው የያዙት ሰው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጀምር፣ ሲዲ ፎሩ እየጨመረ ሳለ፣ ትኩሳቱ የሚነሳበትና ንፍፊቱ የሚያብጥበት ጊዜ አለ። እኔ ራሴ ቁጥሩ ጨምሮ ወረቀቱን በደስታ ሰጥቼው፣ እሱ ግን በቃሬዛ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ያኔ አልገባኝም ነበር። ተኝቶ የነበረው መከላከያ ድንገት ነቅቶ ነው።

ኮሮናስ? መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሽታው አገር ውስጥ ገባ ሲባል የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ነካ። ፌጦ የሌለበት ቤት አልነበረም፣ የእኛም ቤት ነበረ። ከሦስት ወር በኋላ በእንግሊዝ የተደረገ ትልቅ ሙከራ ውጤት ወጣ፤ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉ ሕሙማንን ሞት በአንድ ሦስተኛ የቀነሰው ዴክሳሜታዞን ነው። ርካሽ መድኃኒት፣ መከላከያን የሚያበርድ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ቀላል ሕሙማን ግን አልጠቀመም። መቼ ማስነሳት፣ መቼ ማብረድ እንደሚያስፈልግ ነው ቁም ነገሩ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄዬ ልሂድ፣ ጅማ ላይ ስለተደረገ ነው የማልተወው። በ1990ዎቹና በ2001 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጡ ጥናቶች አሉ። አስም የገጠሩን ሰው ከከተማው ባነሰ ነበር የሚይዘው፤ የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ላይ አንድ ማብራሪያ የሚሆነው፣ ትሎቹ ሰውነት ውስጥ ተደላድለው ለመኖር ገላጋይ ሴሎችን የሚያበዙ መሆናቸው ነው። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት የሚሰጣቸውን የትል መድኃኒት አስቁሙ ማለቴ እንዳልሆነ ይሰመርልኝ፤ የመንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል፣ ልጅ ያደርቃል። ግን በዓለም ላይ ስለ ገላጋዮች በሚደረገው ክርክር ውስጥ የጅማ ሰው ደረት ምስክር ሆኖ መቆጠሩን የእኛ ጋዜጣ ቢጽፈው ደስ ባለኝ።

አሁን ጥያቄዬ። ዓምዱን አትዝጉት፣ እኔም እንደማነበው እቀጥላለሁ። ግን ከእንግዲህ ስለ "አቅም ማሳደግ" ስትጽፉ ሁለት ነገር አድርጉልኝ። አንደኛ፣ የገዛ ሰውነትን ስለሚመቱ በሽታዎች የሚያክም ሐኪም ጠይቁና አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። በየሰፈሩ ሪህ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ፀሐይ መታት ነው እየተባሉ ዓመት የሚያሳልፉ ሴቶች አሉ፣ እህቴ አንዷ ነበረች። ሁለተኛ፣ ከጽሑፉ ሥር፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ እንዲህ የሚል ይግባበት። ሉፐስ ወይም ሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው፣ መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምንም ዓይነት አቅም አሳዳጊ ዱቄትም ሆነ ሽሮፕ አይጀምር፣ የታዘዘለትንም ኪኒን አያቁም።

እህቴ ሆስፒታል ተኝታ 19 ቀን ቆይታ ወጣች። መድኃኒቷን መልሳ ጀምራለች፣ ሌላም ተጨምሮላታል። ባለፈው ወር የሽንት ወረቀቷን እኔ ነኝ ያነበብኩት፤ ቢጫ አይደለም ገና፣ ግን አረንጓዴው ስስ ሆኗል። ይሄን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ሰጥቻት አነበበችው። "ኪኒኑን አያቁም የሚለውን ከላይ አድርጊው" አለችኝ። ቦታውን ለእናንተ ትቻለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ የላብራቶሪ ባለሙያዋ
ከአዲስ አበባ